ከጣርማ በር በላይና በታች፦ የኪስ ካሜራ አገዛዝ፣ አያያዝና አነሳስ

ኪስ የምትገባ ዲጂታል ካሜራን በሰሜን ሸዋ የሚጎዳት የምታነሳው ፎቶ ብዛት ሳይሆን የአየሩ መለዋወጥ ነው። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ውርጭ ላይ ትከፈታለች፤ ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ወርዳ 1,280 ሜትር ላይ ወበቅ ውስጥ ትገባለች፤ በማግስቱ አውድማ ዳር ቆማ የገብስ ገለባና አቧራ ትጠጣለች። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዚህ መንገድ ላይ ካሜራ ይዞ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ነው።

ስልክ እያለ ካሜራ ምን ያደርጋል ለሚል፣ መልሱ ዙሙ ነው። ለቅርብ ነገር ስልክ ይበቃል። የመንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ ሠላሳ ሜትር ርቆ ሣር የሚነጭ ጭላዳ ግን በብዙ ስልኮች ሲጎተት ፀጉሩ ከሣሩ ጋር ተደባልቆ ጭቃ ይመስላል። የካሜራዋ ሌንስ ራሱ ወደ ፊት ወጥቶ ነው የሚያቀርበው፤ ስለዚህ የጥራት ኪሳራው ትንሽ ነው።

ያገለገለ ሲገዛ የሚደረግ ፍተሻ

እጅ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው፦ ካኖን ፓወርሾት፣ ሶኒ ሳይበርሾት፣ ኒኮን ኩልፒክስ። ከስሙ ይልቅ የዕቃውን ጤና እዩ። ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ እዚያው ሻጩ ፊት፣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

1. ባትሪውን አውጡና ጠፍጣፋ መስታወት ወይም ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በጣት አሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ አብጧል ማለት ነው፤ ያበጠ ባትሪ ካሜራዋ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሊቃጠልም ይችላል። በዚያው የባትሪ ክዳኑን መያዣ እዩ። ያቺ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ከተሰበረች ካሜራዋ በጎማ ታስራ ነው የምትኖረው።

2. አሥር ጊዜ አብሩ፣ አጥፉ። ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ ጆሯችሁን አስጠጉ። ለስላሳ ጥዝታ ጤና ነው፤ የአሸዋ መፈጨት የሚመስል ድምፅ ካለ፣ ወይም ሌንሱ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ከወጣ፣ ተዉት።

3. ዙሙን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ ነጭ ወረቀት ወይም ሰማይ አንሱ። በስክሪኑ አቅርባችሁ ስታዩት የማይንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ካለ አቧራው ውስጥ ገብቷል። ያ በጨርቅ አይጠረግም፤ ካሜራዋ ካልተፈታች አይወጣም።

4. ፍላሹን አስገድዳችሁ አብሩና ሦስት ጊዜ በተከታታይ አንሱ። ሁለተኛው ላይ እምቢ ካለ ባትሪው ደክሟል፤ ጨርሶ ካልበራ ፍላሹ ሞቷል።

5. የምትቀበለውን የሚሞሪ ዓይነት ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ኤስዲ ካርድ አያነቡም። የቆዩ ሶኒዎች ሜሞሪ ስቲክ፣ የቆዩ ኦሊምፐስና ፉጂፊልሞች ኤክስዲ የሚባል ካርድ ይፈልጋሉ። እነዚህ ካርዶች ከገበያ እየጠፉ ስለሆነ ካሜራዋ ብትረክስም አትግዟት።

6. ቻርጀሩ የዚያው ሞዴል መሆኑን አረጋግጡ። በተለመደ የስልክ ገመድ ቻርጅ የምትደረግ ካሜራ ከተገኘች እሷን አስቀድሙ፤ ለብቻዋ የተሠራ ገመድ የምትፈልግ ካሜራ ገመዷ የጠፋ ዕለት ሥራ ታቆማለች።

ባትሪና ሚሞሪ

ሁለት ዓይነት ካሜራ አለ፤ የራሷ ሊቲየም ባትሪ ያላትና ተራ የባትሪ ድንጋይ የምትወስድ። ሁለተኛዋ ለገጠር የምትመች ትመስላለች፤ ድንጋዩ በየሱቁ አለና። ነገር ግን ለሬዲዮ የሚሆነው ርካሽ ድንጋይ ካሜራ አይሸከምም። ሌንሱን ገፍቶ ያወጣውና መመለሻ ጉልበት አጥቶ እዚያው ይሞታል። ሌንሷ ወጥቶ የቀረ ካሜራ ኪስ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌንሱን የሚገፋው የማርሽ ጥርስ ይሰበራል። ለእንዲህ ዓይነቷ ካሜራ ቻርጅ የሚደረግ፣ ላዩ ላይ 2,000 ወይም ከዚያ በላይ ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት ድንጋይ አራት ፍሬ ግዙ፤ ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ ይጠባበቃሉ።

ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳታዩ አትሰኩ፤ ከውጭ የመጣ ሁሉ ለእኛ መብራት አይሆንም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ቻርጀር ያቃጥላልና፣ ሲጠፋ ንቀሉት፤ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት።

ሚሞሪ በሚመለከት 16 ወይም 32 ጊጋባይት ለዚህች ካሜራ ይበቃል። ሐሰተኛ ካርድ ብዙ ነው፦ ላዩ ላይ 64 ይላል፣ ውስጡ 8 ነው፤ ሲሞላ የድሮውን ፎቶ እየደመሰሰ አዲሱን ይጽፋል፣ ወይም ባዶ ፋይል ያስቀምጣል። ሠርግ ላይ ከማወቅ ቤት ውስጥ ማወቅ ይሻላል። ኮምፒውተር ላይ ካርዱ እስኪሞላ ትልልቅ የፊልም ፋይሎች ገልብጡበት፤ ካርዱን ነቅላችሁ እንደገና ሰኩና መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ የገቡትን ከፍታችሁ እዩ። ሁሉም ከተከፈቱ ካርዱ ደህና ነው። ከዚያ ካሜራዋ ውስጥ አስገብታችሁ ከራሷ ሜኑ ፎርማት አድርጉት፤ የኮምፒውተር ፎርማት አንዳንዴ ካሜራዋ የማትወደውን አሠራር ይተዋል።

አንዴ የሚስተካከል ሴቲንግ

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በፈረንጅ ሰዓት ሙሉ። በእኛ ዘመን ልሙላ ብትሉ ካሜራዋ ጳጉሜን አታውቅም፤ ወሩ ሁሉ ይፋለሳል። ጥር 11 ቀን 2017 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተነሳ ፎቶ ካሜራዋ ላይ ጃንዋሪ 19፣ 2025፣ 9:00 ነው። በእኛ አቆጣጠር ማስቀመጥ የሚፈልግ ኮምፒውተር ላይ ፎልደሩን 2017-05-11 ብሎ ይሰይም፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ከተጻፈ በራሱ ተራ ይደረደራል። ፎቶው ላይ ቀን የሚያትመውን ምርጫ ግን ዝጉት። ያ ብርቱካናማ ቁጥር አንዴ ከታተመ ከሙሽራዋ ቀሚስ ላይ የሚያነሳው የለም።

የፎቶውን መጠን ትልቁ ላይ፣ ጥራቱን ፋይን የሚለው ላይ አድርጉ። ዲጂታል ዙም የሚለውን አጥፉ፤ ሌንሱ አይደለም የሚያቀርበው፣ ፎቶውን ቆርጦ ነው የሚለጥጠው። መንቀጥቀጥ የሚቀንሰውን አብሩ። ፒ (P) የሚል ምርጫ ካላት እዚያ ላይ አድርጓት፤ ሙሉ አውቶ ላይ ከታች የምንነግራችሁን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ብዙዎቹ አይፈቅዱም። አይኤስኦ (ISO) የሚለው፣ ካሜራዋ ለብርሃን ያላት ንቃት፣ ደጅ ከ100 እስከ 200፣ ቤት ውስጥ 400 ይሁን። በዚህች ትንሽ ካሜራ ከ800 በላይ ሲወጣ ፊት ሁሉ ጠጠር የተረጨበት ይመስላል፤ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ቺፕ ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰ ስለሆነ በጨለማ የሚሰበስበው ብርሃን ጥቂት ነው።

ግማሽ ጫና

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚለማመድ ካለ ይህን ይለማመድ። የፎቶው ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው። ጣታችሁን አሳርፋችሁ ቀስ ብላችሁ ስትጫኑ መጀመሪያ አንድ ትንሽ መቆሚያ ታገኛላችሁ፤ እዚያ ያዙት። ካሜራዋ ቢፕ ትላለች፣ አረንጓዴ ካሬ ይበራል። ርቀቱንም ብርሃኑንም ለክታ ቆልፋለች ማለት ነው። አሁን እስትንፋሳችሁን ይዛችሁ የቀረውን ጨርሱት። አንዴ በኃይል የሚጫን ሰው ካሜራዋ ሳትለካ ያስነሳታል፤ በዚያ ላይ እጁ ወደ ታች ስለሚወርድ ፎቶው ይደበዝዛል። «ካሜራዋ አታጠራም» እየተባለ ከሚሸጠው ብዙው ካሜራ ሕመሙ ይኸው ነው።

ካሬው ቢጫ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ መለካት አልቻለችም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው በጣም መቅረባችሁ ነው፤ ያኔ ወይ ራቅ በሉ፣ ወይ ለቅርብ ነገር የተሠራውን የአበባ ምልክት ተጫኑ። ሁለተኛው የምታዩት ነገር ልሙጥ መሆኑ ነው፦ ጉም፣ ነጭ ግድግዳ፣ የጋቢ መካከል። ካሜራ የምትይዘው ድንበር ነው፤ ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን መስመር። ስለዚህ የካሜራዋን መሃል የነጠላው ጥለት ላይ፣ ወይም ጋቢው ከአንገት የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ ግማሽ ተጫኑ፤ ጣታችሁን ሳትለቁ ወደ ፈለጋችሁት አዙራችሁ ጨርሱ። ርቀቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ፊቱም ይጠራል።

ነጭ ነጠላና ጥቁር ባና

ካሜራ ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ናት ብላ ነው የምትገምተው። የጥምቀት ዕለት ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊቷ ሲቆም «ብርሃን በዝቷል» ብላ ታጨልማለች፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ በነጠላ የተከበበው ፊት ደግሞ ይጠቁራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ወደ +0.7 ውሰዱት፤ ሕዝቡ ስክሪኑን ሁሉ ከሞላው +1 ድረስ ይሄዳል። አንሥታችሁ ስክሪኑ ላይ አቅርባችሁ ጥለቱን እዩ፦ የክሩ ቀለም ከጠፋ አልፋችኋል፤ አንድ እርምጃ መልሱ።

የመንዝ ባና የለበሰ ሽማግሌ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጥቁሩ ሱፍ ስክሪኑን ሲሞላ ካሜራዋ «ጨልሟል» ብላ ታበራለች፤ ባናው የታጠበ ቡናማ ይሆናል፣ ፊትና ሽበት ይነጣል። ወደ -0.7 አውርዱት። የሱፉ ቁጥርጥር እንዲታይ ሰውየውን በር አጠገብ አስቀምጡና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ፊት ለፊት የሚመታ ፍላሽ ያንን ሁሉ ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ስትጨርሱ ወደ ዜሮ መመለስ አትርሱ። ብዙ ካሜራ ስትጠፋም አትረሳውም፤ በማግስቱ ያነሳችሁት ሁሉ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይገኛል።

ከማንሳት በፊት መጠየቅ የግድ ነው። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ብሎ ጠይቆ፣ ካነሱ በኋላ ስክሪኑን አዙሮ ማሳየት ያስመርቃል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «አባ፣ ይፈቀዳል?» ሳትሉ ካሜራ አታውጡ፤ ከተፈቀደም ፍላሹ ይጥፋ። ኬላ፣ ወታደር፣ ካምፕ ባለበት አካባቢ ካሜራዋ ከቦርሳ አትውጣ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያነሳችሁም ቢሆን አስረድቶ ማሳመን ይከብዳል።

ፍላሽ

የዚህች ካሜራ ፍላሽ በአይኤስኦ 100 ሦስት ሜትር ያህል ነው የሚደርሰው፤ ዙም ከተጎተተ ከዚያም ያንሳል። ማታ ድንኳን ውስጥ ከኋላ ቆሞ ሙሽሮችን በፍላሽ የሚያነሳ ሰው የሚያበራው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው። ጉም፣ አቧራና ዕጣን ባለበትም አጥፉት፤ ብናኙ ብርሃኑን መልሶ ሌንሱ ላይ ይተፋዋል፣ ፎቶው በነጭ ክብ ነጠብጣብ ይሞላል። ቡና ሲፈላ የጀበናው እንፋሎት እንዲታይ ከፈለጋችሁ፣ በሩ ከጀበናው ጎን ወይም ከኋላው እንዲሆን ተቀመጡ፤ ከበስተጀርባ ጨለማ ግድግዳ ይኑር።

ፍላሽ በጣም የሚጠቅመው ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። ባርኔጣ ወይም ነጠላ ያጠላበትን ፊት ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሲመታው ዓይን ይታያል።

ገደል አፋፍና ጭላዳ

የአንኮበርና የጣርማ በር አፋፍ የሚያየው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ነው። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ፊታችሁ ናት፤ ሸለቆው ነጭ ጭስ ይመስላል። ለሸለቆው ፎቶ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ያለው ይሻላል፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና እርከኑንና ጎጆውን ታሳያለች። ከዚያ ከዘገያችሁ የተራራው የራሱ ጥላ ወደ ታች ወርዶ ዳገቱን ይሸፍነዋል። የፀሐይ መውጫን የምትፈልጉ ከሆነ ዙም ተጎትቶ ፀሐይዋ ላይ አይቆይ፤ የካሜራዋን ዓይን ያቃጥላል።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቀድማችሁ ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ድረሱና ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያነሱት እንስሳ ጀርባና ሣር ብቻ ነው፤ የተቀመጠ ሰው የደረቱን ቀይ ቆዳ ያገኛል። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ ደግፉ፣ ምክንያቱም ዙሙ ነገሩን በአሥር እጥፍ ሲያቀርብ የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ በአሥር እጥፍ ያበዛዋል። ምግብ አትስጡ፤ መንጋው ሰው መለመን ይለምዳል።

ብርድ፣ ከዚያም ላብ

ጓሳም ሆነ ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሙሉ ቻርጅ የነበረው ባትሪ ሃያ ፎቶ ሳይሞላ ቀይ ሊያሳይ ይችላል። አልሞተም፤ ሊቲየም ሲቀዘቅዝ ኃይሉን መስጠት ያቅተዋል። ሁለት ባትሪ ይኑራችሁ፤ አንዱ ካሜራ ውስጥ፣ አንዱ ከሸሚዝ በታች ገላ አጠገብ። ሲደክም አቀያይሩ፤ የቀዘቀዘው ከሞቀ በኋላ ብዙ ፎቶ ይቀረዋል። ባትሪውን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ አታድርጉት፤ ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ይግላል።

ከብርዱ ይልቅ አደገኛው ከብርድ ወደ ሙቀት መግባት ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ወርዷል። ቀዝቃዛዋ ካሜራ ወበቅ ውስጥ ስትወጣ ያልባታል፤ ልክ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያደርገው። የውጭው ላብ በጨርቅ ይጠረጋል። ውስጥ ሌንሱ ላይና ሰርኪዩቱ ላይ የሚያርፈው ግን ዝገትና ሻጋታ ይሆናል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦

ገና ብርዱ ላይ ሳላችሁ ካሜራዋን አጥፉና ደረቅ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታችሁ አየሩን አስወጥታችሁ አፉን እሰሩ። ከወረዳችሁ በኋላ ሳትከፍቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተዉት። ላቡ ከረጢቱ ላይ ያርፋል፣ ካሜራዋ ውስጥ ሆና ትሞቃለች። ከዚያ አውጡ። ከውርጭ ወጥቶ ወጥ ወደሚሠራበት ቤት መግባትም ያው ነው።

ካላባት በኋላ ከሆነ ያወቃችሁት፣ አታብሯት፤ ሌንሱ ሲወጣ ሲገባ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ባትሪና ሚሞሪ አውጡ፣ ክዳኗን ከፍታችሁ ደረቅ ቦታ ጥላ ላይ አሳድሯት። ሩዝ ውስጥ ቅበሩ የሚለውን ምክር አትስሙ፤ የሩዝ ዱቄት በሌንሱ ክፍተት ይገባል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡት እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ይሻላሉ፤ አትጣሏቸው።

አቧራና እምቢ ያለ ሌንስ

ውቂያ ላይ ነፋሱን ለጀርባችሁ ስጡ፤ ካሜራዋን በደረታችሁ ከልሉ። አንድ ቦታ ሆናችሁ ደጋግሞ ከማብራትና ከማጥፋት ከተቻለ እንደበራች ያዟት፤ አቧራ የሚገባው ሌንሱ በተመላለሰ ቁጥር ነው። ቦርሳ ውስጥ ሳለች እንዳትበራ ደግሞ ማብሪያው የሚጫንበት ጎን ወደ ውጭ ይሁን። ጨርቅ ውስጥ ሆና ስትበራ ሌንሱ ይገፋል፣ መውጫ ሲያጣ ጥርሱን ይበላል።

ሌንስ ለመጥረግ መጀመሪያ ንፉ፤ በአፍ አይደለም፣ ምራቅ አለበት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ላስቲክ ለዚህ ጥሩ ነው። አሸዋው ከሄደ በኋላ ብቻ፣ ሳትነፉ፣ በቀስታ ተንፍሳችሁ መስታወቱን ጭጋግ አልብሱትና በመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር አዙሩት። ሳይነፋ የተጠረገ ሌንስ ይቧጠጣል።

ስክሪኑ ላይ የሌንስ ስህተት የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ሌንሱ ደርቆ ከቀረ፣ ባትሪውን አውጡና ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባትሪ አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ሕመሙ የባትሪ ድካም ብቻ ነው። ካልሆነ ሌንሱን ወደ መሬት አዙራችሁ በቀለበቶቹ ክፍተት ዙሪያ በላስቲኩ ንፉ፤ ጎኗን በመዳፍ ቀስ እያላችሁ መታ መታ እያደረጋችሁ አብሩ። በእጅ ጎትቶ ማውጣት የተረፈውን መስበር ነው። ቡለኖቹን ፈትታችሁም አትግቡባት። ፍላሹ ውስጥ ያለው ኃይል አጠራቃሚ ባትሪው ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ይቆያል፤ ይመታል።

ማሳጠብ

ካርዱን ለማሳጠቢያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ግፏት። የተቆለፈ ካርድ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ቫይረሱም ፎቶዎቻችሁን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት አያስቀምጥም። ካሜራዋ ስትመልሱት «ካርዱ ተቆልፏል» ካለች መልሳችሁ ወደ ላይ ግፏት።

በስህተት የጠፋ ፎቶ ካለ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በካርዱ አንድም ፎቶ አታንሱ። የጠፋው ገና እዚያው ነው፤ አዲስ ፎቶ ካልተጻፈበት ፎቶሬክን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ይመለሳል።

10 በ15 ሳንቲሜትር ለማሳጠብ ሁለት ሜጋፒክስል ይበቃል። የሚያስቸግረው ቅርጹ ነው። ካሜራዋ የምታነሳው አራት በሦስት ነው፣ ወረቀቱ ሦስት በሁለት። ወረቀቱን ለመሙላት ከላይና ከታች ከቁመቱ አሥራ አንድ በመቶ ያህል ይቆረጣል። የቤተሰብ ፎቶ ላይ የቆሙት ሰዎች ፀጉር ወይም የተቀመጡት እግር የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስታነሱ ከራስ በላይና ከእግር በታች አንድ አንድ ጣት ያህል ባዶ ተዉ።

ክረምቱን ማስቀመጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም የማትጠቀሙባት ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ አውጡት፤ ሙሉውም ባዶውም ለወራት ሲቀመጥ ይጎዳል። ካሜራዋን በቆዳ ቦርሳዋ አታስቀምጧት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሌንሱ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ይወጣል። ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከነዚያ የጫማ ካርቶን ከረጢቶች ሁለት ሦስት ጨምራችሁ አኑሯት። በወር አንዴ ፀሐይ ባለበት ቀን አውጧት፣ ባትሪ አስገብታችሁ ዙሙን አምስት ስድስት ጊዜ አመላልሱ፣ ጥቂት ፎቶ በፍላሽ አንሱ፣ መልሱ። ዝም ብላ ስትቀመጥ የውስጧ ትንሽ ባትሪ አልቆ ቀኑን እንደገና ብትጠይቅ አትደንግጡ፤ ዋናው ባትሪ ውስጧ ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ ራሷ ትሞላዋለች።